ብቻህን ከሆንህ ቦታ አለህ

ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ መጨረሻው ባሕር ነበር። የጎንደር ነጋዴ በቅሎውን ጭኖ፣ ወገራን አቋርጦ፣ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በአድዋ አድርጎ ምጽዋ ይገባል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በዚሁ አቅጣጫ ነው የመጣብን፤ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ከመርከብ ወርዶ በ1770 መጀመሪያ ላይ ጎንደር ገባ። ወለቃ መንገድ ዳር የሚኖር ሰው ደግሞ ሥራ ሲፈታ ይህን መንገድ ከማየት ሌላ ምን ያደርጋል? ወደ ደባርቅ የሚያልፈውን አይሱዙና ሚኒባስ እያየሁ፣ አንድ ቀን ሞተሬን አስነስቼ ብቻዬን ባሕር እገባለሁ እል ነበር።

በ2011 ዓ.ም. እውነትም የምገባ መሰለኝ። መስከረም 1 ቀን ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ፤ በገና ደግሞ ሑመራና ኦምሐጀር ተገናኙ። ሰው ሁሉ ዘመድ ፍለጋ ሲወጣ እኔ ጎማ ፍለጋ ወጣሁ። ሞተሬ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ያማሃ ነው፤ ስንት የግብርና ባለሙያ፣ ስንት የክትባት ሣጥን እንዳመላለሰ የሚያውቀው እሱ ነው። በነበሩት ጎማዎች እንኳን ምጽዋ አምባ ጊዮርጊስም አይደረስም። የኋላውን ገዛሁ። ለፊተኛው ብር ሳጠራቅም ድንበሩ መልሶ ተዘጋ። አዲስ ጎማ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም፤ ሳይሄዱበትም ፀሐይ ይበላዋል።

ፊቴን አዙሬ ወደ ጎርጎራ ለመሄድ የቆረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ትንሽ ነው፤ ቁልቁለት ስለሆነም ቤንዚን አይጨርስም። ጨው የለውም እንጂ ጣናም ውኃ ነው፤ ዳሩ ላይ ቆመው ሲያዩት ማዶ አይታይም፤ ማዕበልም ያነሳል። «ይህም ባሕር ሆኖ!» ብሎ የሚስቅብኝ ካለ፣ በ2017 ዓ.ም. «ጣና ነሽ 2» የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ወደብ በከባድ መኪና ተጭና፣ በረሃውን ተሻግራ፣ ዳገቱን ሁሉ ወጥታ ባሕር ዳር መግባቷን ያስታውስ። መርከብ በአስፋልት በሚሄድበት ሀገር ሞተረኛ በሐይቅ ቢረካ ነውር የለውም።

አሁን ወደ «ብቻዬን» ልምጣ። ይቺ ነገር የተጋባችብኝ በወለቃ አድርገው ወደ ስሜን ከሚያልፉት ፈረንጅ ሞተረኞች ነው። ከአናት እስከ እግር ቆዳ ለብሰው፣ ግራና ቀኝ የብረት ሣጥን አስረው፣ አቧራቸውን ለብሰው ይመጣሉ። ወርደው የሸክላ አንበሳ ያገላብጣሉ፣ አልጋ ላይ የተጋደሙትን ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን አይተው ይስቃሉ፣ ሳይገዙ ይሄዳሉ። (ሰሎሞንና ሳባ በጉዞ ላይ ይሰበራሉ፤ አልፈርድባቸውም።) ብቻቸውን ከለንደን ወይ ከበርሊን እንደተነሱ ሲናገሩ እንሰማለን። ልብ ብዬ ሳየው የብቸኝነታቸው ምስጢር ያ የብረት ሣጥን ነው። ከኋላቸው ሰው የሚፈናጠጥበት ስንዝር ቦታ የላቸውም።

ደግሞም የታወቁትን ተጓዦች ብንፈትሽ ብቻውን የሄደ ማግኘት ይቸግራል። ቼ ጉቬራ እ.ኤ.አ. በ1952 ደቡብ አሜሪካን በሞተር ሊያቋርጥ ሲነሳ ሞተሩ የጓደኛው የአልቤርቶ ግራናዶ ነበር። ቺሊ ላይ ሲሰበርባቸው ከቀረው መንገድ ብዙውን የሰው መኪና እየለመኑ ሄዱት። ያ ሁሉ አብዮት የተጀመረው በመፈናጠጥ ነው ማለት ነው። ብሩስን ግን ሳላማው አላልፍም። ሰውዬው ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ይዞ ነበር የመጣው። ዕፅዋቱን የሚሥለው፣ የአየሩን ጠባይ የሚመዘግበው ባሉጋኒ ነበር፤ ግሽ ዓባይም አብረው ደርሰዋል። ከተመለሱ በኋላ ባሉጋኒ እዚሁ ሞቶ ቀረ። ብሩስ አገሩ ገብቶ መጽሐፉን ሲጽፍ፣ ባልንጀራው ወደ ምንጩ ሳይነሱ የሞተ አስመስሎ ከጉዞው አወጣው። እ.ኤ.አ. በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ያንኑ ምንጭ ያየውን እስፓኛዊውን ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝንም እንዲሁ ካደው። ብቻውን የተጓዘ ሰው የሚፈጠረው ቤቱ ገብቶ ብዕር ሲያነሳ ነው።

ወለቃም ብትሆን ሰው ብቻውን ሲሄድ አይታ አታውቅም። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። በ1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ ሰሞን ሰዉ በሱዳን በኩል ሲወጣ ሽማግሌውም፣ አራሷም፣ ሕፃኑም አብሮ ነው የወጣው፤ በመንገድ የቀረውም ብዙ ነው። በግንቦት 1983 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 የሚበልጥ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተሻገረ። ለወለቃ የቀሯት ትንሿ ምኩራብ፣ በየግድግዳው የተሣለው የዳዊት ኮከብና የሸክላው ሥራ ናቸው። ታዲያ እዚህ መንደር ቆሞ «ብቻዬን ልሄድ ነው» ማለት ትንሽ ድፍረት አለበት።

ወደ ጎርጎራ የተነሳሁት በታኅሣሥ ነበር፤ በጾመ ነቢያት። ያን ጊዜ መንገድ የሚወጣ ሰው የሚጠየቀው «ቤንዚን ሞልተሃል?» ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ተለውጧል።

ጠዋት ሞተሩን እግሬ እስኪዝል እየረገጥሁ አስነሳሁት። ካንዴላው ብርድ አይወድም። ጎረቤቴ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያልደረቀ ጀበና በጠጠር ያለሰልሳሉ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው። ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ይህን ብረት እንዲህ የምታስጮኸው ወዴት ልትሄድ ነው?»

«ጎርጎራ፣ እማማ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«እሰይ! ብቻህን ከሆንህማ ቦታ አለህ።»

እጃቸውን ጠራርገው ገቡና የተተኮሰ ጥቁር ጀበና ይዘው ወጡ። ጯሂት ለተዳረችው ልጃቸው ነው። አንገቱ ላይ ገለባ ጠቅጥቀው፣ ሆዱን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ከሰበርኸው በዚህ በር እንዳታልፍ» አሉኝ። ወለቃ ውስጥ በዚያ በር ሳያልፉ ወደ ቤቴ መግቢያ የለም። ከመሪው ላይ አንጠልጥዬ፣ ልብሴን ደራርቤበት ተነሳሁ።

ፒያሳ ስደርስ አስቀድሞ ወሬው ደርሷል። እንዴት እንደደረሰ አልመረምርም፤ ጎንደር ውስጥ ወሬ በእግሩም ከሞተር ይቀድማል። ልብስ ሰፊው ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ አስቆመኝ። ቆላ ድባ በጥር የሚያገባ ሙሽራ አለ፤ ሱፉ ትናንት አልቋል፤ ሙሽራው በየቀኑ እየደወለ ነው።

«ከታጠፈ አለቀለት» አለኝ፤ «ቁም ነገሩ መተኮሱ ነው።»

«ታዲያ ሳላጥፈው የት ላድርገው?»

«ብቻህን አይደለህም እንዴ? ጀርባህ ባዶ ነው።»

ሱፉን ከነመስቀያው፣ ከነላስቲኩ ከጃኬቴ ኮሌታ ላይ በመርፌ ቁልፍ አንጠለጠለው። ከፋሲል ግቢ ጎን ሳልፍ አንድ አስጎብኚ እንግዶቹን ትቶ እኔን ሲያይ አየሁት። እ.ኤ.አ. በ1636 የተቆረቆረች ከተማ ብዙ ነገር አይታለች፤ ሁለት ጀርባ ያለው ሞተረኛ ግን አዲስ ሳይሆንባት አልቀረም።

አዘዞ ላይ መንገዱ ይበተናል፤ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ መተማ፣ አንዱ ወደ ደምቢያ። የደምቢያው መታጠፊያ ላይ መቋሚያና ጥላ የያዙ ቄስ ቆመዋል። እጃቸውን አላነሱም፤ መቋሚያውን ወደ መንገዱ ዘረጉት። መቋሚያ የተዘረጋበት ሰው ደግሞ አያልፍም።

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። ብቻህን ነህ?»

ከፊቴ ጀበና፣ ከኋላዬ የሙሽራ ሱፍ ተንጠልጥሏል። ግን ቄስ ፊት አይዋሽም። «ነኝ» አልሁ።

ቆላ ድባ ተዝካር አለባቸው። ሲፈናጠጡ ጣጣው መጣ፤ ሱፉ በእኔና በእሳቸው መካከል ሊጨፈለቅ ነው። አባ ጥቂት አሰቡና መስቀያውን ከኮሌታዬ ፈትተው በመቋሚያቸው ጫፍ ላይ ሰቀሉት። ጀበናውንም «ከመሪው ላይ ይመታብሃል» ብለው ወስደው ከጋቢያቸው ሥር ከጭናቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ፀሐይ ነው ብለው ጥላቸውን ከፈቱ።

«አባቴ፣ እኔን አይይዙም?»

«በምኔ? የሚይዘንስ ሌላ ነው» አሉኝ።

ጥላ የተከፈተበት ሞተር የነዳ ያውቀዋል። ንፋሱ በገባ ቁጥር ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ሦስተኛ ማርሽ ያስገባሁት ሞተር እያቃሰተ ሁለተኛ ይለምናል። ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ አባ ይነቀነቃሉ፤ አባ ሲነቀነቁ ከላያችን ላይ ሱፉ እጁን ያወዛውዛል። ጤፍ ከምረው ውድማ ላይ የነበሩ ሰዎች ከሩቅ አዩን። ቄስ ከነጥላቸው፣ ከፍ ብሎ የተሰቀለ አዲስ ሱፍ፤ ሙሽራ ልንወስድ የምንሄድ መስሏቸው አንዲት ሴትዮ እልል አለች። ሌሎቹ ተቀበሏት። አባ መቋሚያውን ከፍ አድርገው ባረኩ። እኔ ጡሩንባ ነፋሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ደምቢያ ሜዳ ነው። ከጎንደር ኮረብታ ለወጣ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት እግር ይውጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በዚያ በተሰነጠቀው ላይ ሽምብራው ለምልሞ ይታያል። አባ ከጀርባዬ ሆነው ወላጆቻቸው ያወሩላቸውን የወባ ዘመን ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1953 በዚህ ሜዳ የገባው ወባ 7,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይነገራል። «ቀባሪ ጠፍቶ ነበር» አሉ። በዓመቱ፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ማለት ነው። ተማሪዎቹንም ለልምምድ ወደ ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያላቸው ከተሞች መሥራቻችን ንጉሥ ነው፣ ጳጳስ ነው ይላሉ። የእኛ ትንኝ ናት። ይህን ለአባ ብነግራቸው «ለሁሉም ምክንያት አለው» አሉና ጀበናውን በጋቢያቸው አጠበቁ።

ቆላ ድባ ሙሽራው መንገድ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። ሱፉን ተቀበለ፣ አሸተተ፣ «ዕጣንና ቤንዚን ይሸታል» አለ። አባ «ለጋብቻ ሁለቱም ያስፈልጋሉ» አሉት። ከዚያ ከሞተሩ ወርደው፣ ጀበናውን መልሰውልኝ፣ ልብሳቸውን ካራገፉ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ጎርጎራ ነው ያልኸኝ?»

«አዎ አባቴ።»

«አሳው እንዴት ነው አሁን?»

ስለ አሳ በጾም የሚነሳውን ክርክር የማያውቅ የለም። አንዱ በነቢያት ጾም ይበላል ይላል፤ ሌላው ደም ያለው ነገር ሁሉ አይነካም ይላል፤ ሁለቱም መጽሐፍ ይጠቅሳሉ። ከአባ አፍ ብይን ልሰማ ጆሮዬን አቀናሁ። «እኔ አልበላም» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ሜዳውን አዩ። «ቤት ግን ሕሙማን አሉ። ቀረሶ ቢሆን ይስማማቸዋል።»

ከዚያ ወዲያ እውነትም ብቻዬን ሆንሁ። ወንበሩ ቀለለኝ፣ ሞተሩ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ዘፈነ፣ ሽምብራው ግራና ቀኝ ይሸሻል። ይሄን ነው ፈረንጆቹ የሚሹት አልሁ። ምን እንደሚታሰብ ግን አላወቅሁም። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ስለ ሕይወቱ ያስባል ይባላል፤ እኔ ስለ ፊተኛው ጎማ አሰብሁ። እያሰብሁት ሳለሁም ተነፈሰ።

ያ ሜዳ ዛፍ የለውም፤ እስከ አድማስ ይታያል። ስቆም አንድም ሰው አልነበረም፤ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ግን ከብቦኛል። ከሕፃናቱ አንዱ እሸት ሽምብራ ከነሐረጉ አቀበለኝ። አንድ ወጣት ማንም ሳያዝዘው ጎማውን ፈታ፤ ቤቱ ቅርብ ነው፣ ሞተር አለው፣ ጎሚስታ ቤት ሠርቶ ያውቃል። ካላማዳሪውን በጥርሱ ሊጎትተው ምንም አልቀረው። ከአንዲት ልጅ እንስራ ውኃ ቀድቶ በሳፋ ሞላ፤ የተነፋውን ካላማዳሪ እያሾረ ውኃው ውስጥ ይነክራል። ሕፃናቱ ሁሉ ትንፋሻቸውን ይዘው ውኃውን ያያሉ። ድንገት ሴትዋ ልጅ «ያውና!» አለች። ቀጭን የአረፋ መስመር ከታች ሽቅብ ይወጣል። ተጨበጨበ። አሸዋ ወረቀቱን ፈገፈገበት፣ ማስቲሹን ቀባ፣ እፍ አለበት፣ ለጠፈ፣ ድንጋይ ጫነበት። ስንት ልክፈል ብለው የሰደብሁት ያህል ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

«ጯሂት ገበያ ነው ዛሬ» አለ ጎማውን እየገጠመ። «ብቻህን አይደለህ?»

ሦስት ዶሮ ነበረው። እግራቸው ታስሮ ቁልቁል ከመሪዬ ላይ ተሰቀሉ። አንዷ መንገዱን ሙሉ ጉልበቴን ስትነክስ ሄደች፤ ለምን እኔን እንደመረጠች እስካሁን አላውቅም።

ጯሂት ስንገባ የእማማን ልጅ ማግኘት አላስቸገረም፤ ባለዶሮው ያውቃታል። ጀበናውን ተቀበለችኝ፣ ነጠላውን ፈታች፣ ገለባውን አወጣች። በጥፍሯ ሆዱን መታ መታ አድርጋ ድምፁን አዳመጠች። ከዚያ ጣቷን እጀታው በተለጠፈበት ቦታ አስገብታ ዳበሰች፤ እዚያ ላይ የእናቷ አውራ ጣት ሲጫን የተወው ጎድጓዳ አለ። «የእሷ ነው» አለች፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ቡና ተቆላ። በአዲሱ እንድታፈላ ብጠይቃት ሳቀችብኝ፤ ሳይሟሽ? አንገቱ የተሸረፈው አሮጌው ጀበና እሳት ላይ ወጣ። አቦሉን ጠጥቼ ተነሳሁ፤ ቁጭ አልሁ። ቶናውን ጠጥቼ ተነሳሁ፤ ቁጭ አልሁ። በረካውን ሳልጠጣ ብወጣ ባሕሩ ይሸሻል ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። ጎረቤት መጣ፤ ማን እንደሆንሁ፣ ለምን እንደምሄድ ተነገራቸው። «ውኃ ለማየት ብቻ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ለማየት ብቻ» አልኋቸው። «ቤትህ ውኃ የለም?» አሉኝ። ወለቃ ላይ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አስቤ ዝም አልሁ። ስወጣ የተጎነጎነ ነጭ ሽንኩርት ለእናቷ ሰጠችኝ፤ «ስትመለስ ትረሳለህ፣ አሁኑኑ እሰረው።»

ጎርጎራ የደረስሁት ከሰዓት በኋላ ነው። የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ገና አልመጣባትም ነበር፤ ዋርካዎቿና አቧራዋ ነበሩ። ቁልቁል ስወርድ ከዛፎቹ መሐል ሰማይ የመሰለኝ ነገር ውኃ ሆኖ ተገኘ። ሞተሩን አጠፋሁ። ማርሚታው ሲቀዘቅዝ ጠቅ ጠቅ ይላል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ ከሚባለው ቦታ ላይ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። እንደ ብዙ ስብሰባዎቻችን ነው፤ ስፋቱ ያስደነግጣል። ቢሆንም ማዶ የለውም፤ እዚህ ለመጣ ሰው ይህ ይበቃዋል። እግሬን ነከርሁ። አንድ የይብራ መንጋ ምንም እንዳልመጣ ቆጠረኝ።

ዳር ዳሩን እምቦጩ ሐምራዊ አበባውን አብቦ ቆሟል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን የያዘ አረም ይሁን እንጂ ለማያውቀው ሰው ሙሽራ የሚቀበል ይመስላል፤ ያየሁት ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው ከእሱ ፊት ነው። አንድ ወይጦ ሽማግሌ ደንገል አጥብቆ እያሰረ ታንኳ ይሠራል። የደንገል ታንኳ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ አውጥተው ፀሐይ ላይ ሲያደርቁት መልሶ ይቀላል። ሽማግሌው ታንኳዋ ስንት ሰው ትይዛለች ብዬ ስጠይቀው፣ ለአንድ ሰው የተሠራች መሆኗን፣ ሁልጊዜ ግን ሁለት ሆነው እንደሚወጡባት ነገረኝ። ለምን? «አንዱ ይቀዝፋል።» ሌላውስ? «ያወራል።»

በኮረብታው በኩል ጣሊያን በወረራው ዘመን ያቆመው ሐውልት አለ፤ ጎርጎራን ወደብ ሊያደርጋት ብዙ ደክሟል። ከሱ ግን የደብረ ሲና ማርያም የሣር ጣሪያ ይበልጥብኛል። ፓኤዝም ለዐፄ ሱስንዮስ የድንጋይ ቤተ መንግሥት የሠራው በዚሁ በጎርጎራ ምድር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈውም በዚሁ ነው። ፍርስራሹ ወደ ምዕራብ ዳሩን ይዞ ነው፤ ለእሱ ቀኑ አልበቃኝም። ሰውዬው ግሽ ዓባይን ማየቱን ሲጽፍ ከንጉሡና ከሠራዊቱ ጋር መሄዱን አልደበቀም። የካደው ብሩስ ደግሞ ባልንጀራው አብሮት እንዳልነበረ አድርጎ የጻፈው ነው። አንደኛው ሠራዊት ይዞ ሄዶ እውነቱን ተናገረ፤ ሁለተኛው እውነቱን ለማሳነስ አንድ ሠዓሊ መቅበር አስፈለገው። እኔ በዚህ ጉዳይ ወገኔ ታውቋል።

ራበኝ። ዳስ ውስጥ የምትጠብስ ሴትዮ ዘንድ ገባሁና አንድ ቀረሶ አዘዝሁ። ድስቱ ላይ ዘይቱ እየፈላ ነው፤ አሳውን ጎኑን ሸንተር ሸንተር አድርጋ ጨው አሸችበትና ጣለችው። ሲቀርብልኝ ከነጭንቅላቱ ሰሃኑን ያለፈ ነው። አጠገቤ ሁለት ጀልባ ነጂዎች ሻይ ይጠጣሉ። አሳዬን አየሁ፤ እነሱም አሳዬን አዩ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚለውን ያወጣው ሰው ጎርጎራ ሳይመጣ አልቀረም። «እንብላ» አልሁ። አንዴም እንኳ «ብላ፣ ጠግበናል» አላሉም። እሾሁን ለእኔ ሲተዉ ግን የጎኑን ሥጋ አንዱ በእጁ ጠቅልሎ አጎረሰኝ፤ ቃሪያውም ተጨምሮበት ነበር።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የመመለሻው ነገር መጣ። ለአባ ሕሙማን ቀረሶ ገዛሁ። ልብስ ሰፊው በስልክ ደውሎ ሱፉ መድረሱን አመስግኖ፣ «በዚያው» ብሎ ለእሱም አዘዘኝ። ለእማማ ሽንኩርቱ አለ፤ አሳ የሌለበት ሽንኩርት ብቻ ይዤ በዚያ በር ማለፍ ደግሞ አይሆንም። አሳዎቹ በገመድ ተሰክተው በእጄ ተንጠለጠሉ፤ ሽንኩርቱ ከኋላ ታስሯል። ዳገቱ ይጠብቀኛል፤ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጎንደር ከ2,100 በላይ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ቢጨመር ያማሃው አይወጣውም ብዬ ወሰንሁ፤ የምመልሰውንም አዘጋጀሁ።

ጎልማሳው ትንሽ ቦርሳ ይዞ ከዋርካው ሥር መጣ። ጫማው የተወለወለ ነው፤ ጎንደር ጉዳይ ያለው ሰው ጫማ።

«እንደምን ዋልህ። ወደ ላይ ነህ?»

«ነኝ።»

«ብቻህን ነህ?»

«የለም» አልሁ ኮስተር ብዬ። «ሰው አለኝ። እየመጣ ነው።»

«የት ሄዶ ነው?»

«ደብረ ሲና ማርያም ሊሳለም።»

«ጥሩ ነው» አለና ወንበሩን አየው። «እንግዲያ እሱ እስኪመጣ ልቀመጥበት፤ እግሬን አሞኛል።»

ተቀመጠ። ጠበቅን። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን መንገድ አብረን አየን። አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ መጣች፣ አለፈች። ሁለት ተማሪዎች መጡ፣ አለፉ። ጎልማሳው ለእያንዳንዱ «ይሄ ነው?» ይለኛል፤ «አይደለም» እላለሁ። ምን እንደሚመስል ጠየቀኝ። «ቀጠን ያለ ነው፤ ይሥላል» አልሁት፤ ባሉጋኒ ነው የመጣልኝ። ሥራው ያዋጣዋል ወይ አለኝ። ብዙም አልሁት።

ፀሐይዋ ውኃው ላይ ደረሰች። ጎልማሳው ሰዓቱን አየ።

«ጓደኛህ ቆየ።»

«ቆየ።»

«ከመሸ መንገዱ ብርድ ነው» አለ፤ ከእጄ አሳዎቹን ተቀብሎ ከቦርሳው ጋር ጭኑ ላይ አደላደላቸው። «ትተነው እንሂድ። ብቻውን ለሆነ ሰው መኪና አይጠፋም።»